ልጃገረዶችን ከአባላዘር በሽታ መከላከል የማን ሥራ ነው?



ስለ አባላዘር በሽታ ሲነገር አዳራሽ ውስጥ ሁለት ነገር ይታያል። አዋቂው መሬት መሬት ያያል፤ ወጣቱ በክርኑ ይጎሻሸማል። ሁለቱንም አልከለክልም። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ላስታውቅ። የዛሬው ንግግሬ በአብዛኛው የተዘጋጀው ለእኛ ለአዋቂዎቹ ነው። ለልጃገረዶቹማ ምክር መቼ ጠፋ? በቤት፣ በሰንበት ትምህርት ቤት፣ በመድረሳ፣ በትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ «ራስሽን ጠብቂ» ሳይባሉ የሚውሉበት ቀን የለም። የጠፋው ራሷን የምትጠብቅበት ነገር ነው። ክትባቱን በጊዜው የሚያደርስላት፣ ስትታመም ሳይገላምጥ የሚመረምራት፣ «አልፈልግም» ስትል የሚሰማት ሰው ያስፈልጋታል። ይህን የምናቀርበው እኛ ነን፤ ስላላቀረብን ደግሞ ምክሩን አበዛን።

ልጃገረዶችን ለይቼ የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። መጀመሪያ ተፈጥሮ ራሷ ታደላባቸዋለች። በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለች ልጅ የማህፀን በሯ ገና አልጠነከረም። በአዋቂ ሴት ዘንድ ወደ ውስጥ ገብተው የሚቀሩት ስስ ሕዋሳት በእሷ ላይ ወደ ውጭ ወጥተው ይገኛሉ፤ ጨብጥና ክላሚዲያ የሚወዱት ደግሞ እነዚህኑ ሕዋሳት ነው። ስለዚህ አንዲት የ16 ዓመት ልጅና አንዲት የ35 ዓመት ሴት ለተመሳሳይ ተሕዋስ ቢጋለጡ ልጅቷ ቶሎ ትያዛለች።

ቀጥሎ የሚመጣው የበሽታው ድብቅነት ነው። ወንድ ጨብጥ ሲይዘው አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያውቀዋል፤ ሽንቱ ያቃጥለዋል፣ ፈሳሽ ያያል፣ ወደ ሐኪም ወይም ወደ ፋርማሲ ይሮጣል። ከሴቶች ብዙዎቹ ግን ምንም ምልክት አያዩም። ቢያዩም ትንሽ ፈሳሽ፣ ትንሽ የሆድ ቁርጠት ነው፤ የወር አበባ ጣጣ ነው ብለው ያልፉታል። ኢንፌክሽኑ በዚህ መካከል ቀስ ብሎ ወደ ማህፀንና እንቁላል ወደሚያልፍባቸው ቱቦዎች ይወጣል፤ እዚያም ጠባሳ ይተዋል። ቱቦው በጠባሳ ከተዘጋ ሴቲቱ መካን ልትሆን ትችላለች። በከፊል ከጠበበ ደግሞ ፅንሱ ከማህፀን ውጭ ይቀመጥና ሕይወቷን አደጋ ላይ ይጥላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ በየቀኑ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሊድኑ የሚችሉ አዳዲስ የአባላዘር ኢንፌክሽኖች ይከሰታሉ። ቂጥኝ፣ ጨብጥ፣ ክላሚዲያና ትሪኮሞኒያሲስ ማለት ነው። አብዛኞቹ ምልክት አልባ ናቸው።

ከጋብቻ በኋላ ልጅ ሲዘገይ በአገራችን ዓይን ሁሉ የሚያርፈው በማን ላይ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሴቲቱ ከጠበል ጠበል ትዞራለች፣ አማት ታጉረመርማለች፣ አንዳንዴም ሌላ ሚስት ትታጫለች። ከአሥር ዓመት በፊት ምልክት ሳያሳይ ገብቶ ሳይታከም የቀረውን ኢንፌክሽን የሚያስታውስ ሰው የለም። ኢንፌክሽኑን ያመጣላት ራሱ ባል ሊሆን እንደሚችል ማንሳትማ የማይታሰብ ነው።

አሁን በሰፊው ወደማነሳው ጉዳይ ልግባ። ከአባላዘር በሽታዎች መካከል ክትባት ያላቸው ጥቂት ናቸው። አንዱ ሄፓታይተስ ቢ ነው፤ ልጆቻችን በጨቅላነታቸው ከሌሎች ክትባቶች ጋር ተቀላቅሎ ይሰጣቸዋል። ሌላው ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ፣ በአጭሩ ኤችፒቪ የምንለው ነው። ይህ ቫይረስ በግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ በቆዳ ንክኪ ጭምር ይተላለፋል። በጣም የተስፋፋ በመሆኑ ግንኙነት የጀመረ ሰው አብዛኛው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ይገናኘዋል። ወንዱ ተሸክሞት ይኖራል፤ አያውቀውም። ኮንዶም አደጋውን ይቀንሳል፤ ነገር ግን ኮንዶሙ በማይሸፍነው ቆዳም ስለሚተላለፍ ሙሉ በሙሉ አይከላከለውም። ከያዛቸው ሴቶች ውስጥ አብዛኞቹን ሰውነታቸው በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ ራሱ ያጠራላቸዋል። በጥቂቶቹ ላይ ግን ቫይረሱ ሥር ይሰዳል፤ ከ15 እስከ 20 ዓመት በሚሆን ጊዜ ውስጥም የማህፀን በር ካንሰር ያመጣል። ኤችአይቪ ያለባትና ሕክምና ያልጀመረች ሴት ላይ ይህ ጊዜ አጥሮ ከ5 እስከ 10 ዓመት ይሆናል።

ይህን ስሌት ልብ በሉልኝ። በ17 ዓመቷ ቫይረሱ የያዛት ልጅ ካንሰሩ የሚደርስባት በ35 ዓመቷ አካባቢ ነው። ያኔ የልጆች እናት ናት፤ ቤተሰቡ የቆመው በእሷ ላይ ነው። በኢትዮጵያ የማህፀን በር ካንሰር በሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በሁለተኛ ደረጃ የሚገኝ ሲሆን፣ በየዓመቱ ከ7,000 በላይ ሴቶች እንደሚያዙና ከ5,000 በላይ እንደሚሞቱ ይገመታል። አብዛኞቹ ሐኪም ቤት የሚደርሱት ደም መፍሰሱንና ሕመሙን መቻል ካቃታቸው በኋላ፣ በሽታው ከተስፋፋ ወዲያ ነው።

የካንሰሩን መነሻ ለማወቅ ዓለም ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል። ጀርመናዊው ሐኪም ሃራልድ ሱር ሃውዘን ቫይረሱና ካንሰሩ መገናኘታቸውን በማሳየቱ እ.ኤ.አ. በ2008 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። ከቫይረሱ በርካታ ዝርያዎች መካከል 16 እና 18 ቁጥር የተሰጣቸው ሁለቱ ብቻ ወደ 70 በመቶ ለሚሆነው የማህፀን በር ካንሰር ምክንያት ናቸው። ክትባቱም ከሁሉ በፊት ያነጣጠረው በእነዚህ ላይ ነው። በውስጡ ሕያው ቫይረስ የለም። ያለው የቫይረሱን ውጫዊ ልባስ የሚመስል ፕሮቲን ብቻ ነው፤ ሰውነት ያንን አይቶ መከላከያውን አስቀድሞ ይሠራል። አስቀድሞ የሚለውን አስምሩበት። ክትባቱ የገባ ቫይረስ አያስወጣም፤ ገና ያልገባውን ነው የሚመክተው። በ9፣ በ10፣ በ14 ዓመት የሚሰጠውም ለዚህ ነው።

ውጤቱ ምን ይመስላል? ክትባቱን ቀድመው የጀመሩ አገሮችን እንይ። በእንግሊዝ በ12 እና በ13 ዓመታቸው የተከተቡት ልጃገረዶች ካደጉ በኋላ ሲታዩ፣ የማህፀን በር ካንሰር ካልተከተበው ትውልድ ጋር ሲነጻጸር በ87 በመቶ ቀንሷል። ይህ ለካንሰር ሕክምና ታሪክ ቀላል ነገር አይደለም። ወደ እኛ ቀረብ ስንል በኬንያ ከ15 እስከ 20 ዓመት ባሉ 2,275 ወጣት ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት አለ። በዚያ ጥናት አንድ መርፌ ብቻ በ18 ወራት ክትትል ውስጥ ከ16 እና ከ18 ቁጥር ዝርያዎች 97.5 በመቶ ተከላክሏል። የዓለም ጤና ድርጅትም ይህንና መሰል ጥናቶችን አይቶ እ.ኤ.አ. በ2022 አንድ መርፌ በቂ ሊሆን እንደሚችል አስታውቋል። እንደ እኛ ላለ አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለሁለተኛው መርፌ ከስድስት ወር በኋላ ልጅቷን ከየት ፈልገን እናገኛት ነበር?

ኢትዮጵያ ክትባቱን በአገር አቀፍ ደረጃ የጀመረችው በ2011 ዓ.ም ነው። በዓለም ላይ እጥረት ስለነበረ ያኔ የተሰጠው ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ብቻ ነበር። በኅዳር 2017 ዓ.ም በተካሄደው ዘመቻ ግን ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉ ከ7 ሚሊዮን በላይ ልጃገረዶች እንዲከተቡ ታቅዶ፣ አንድ መርፌ ተሰጥቷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያሳስበኛል። ክትባቱ በዋነኛነት የሚሰጠው በትምህርት ቤት ነው። ይህ ትክክል ነው፤ ልጆች በብዛት የሚገኙት እዚያ ነውና። ነገር ግን ከሁሉ በላይ ለአደጋ የተጋለጠችው ልጅ ክፍል ውስጥ የለችም። ከገጠር መጥታ በከተማ ሰው ቤት የምትሠራዋን የ13 ዓመት ልጅ ማን ያስከትባታል? ሸሚዝና ካልሲ የምታጥብላችሁን፣ ሌሊት ማዕድ ቤት የምትተኛዋን? ወላጆቿ ሩቅ ናቸው፤ ከቤት ለመውጣት ፈቃድ ያስፈልጋታል፤ ዕድሜዋንም በውል የሚያውቅላት የለም። በዘመቻው ሰሞን የራሳችሁን ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ስትልኩ እሷንም ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ የእናንተ ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ። በገጠርም እንዲሁ ነው። በ1995 ዓ.ም ከተጀመረው መርሐ ግብር ወዲህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት የሚሄዱ ናቸው። ከብት የምትጠብቀውን፣ ከትምህርት የቀረችውን ልጅ በስም የሚያውቋት እነሱ ናቸው፤ ጎረቤት ደግሞ ይጠቁማቸው።

ክትባቱን አስመልክቶ የሚነሱትን ወሬዎች ሳላነሳ ባልፍ ትታዘቡኛላችሁ። አንደኛው «መካን ያደርጋል» የሚለው ነው። ክትባቱ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በመቶ ሚሊዮኖች ለሚቆጠሩ ሰዎች ተሰጥቷል፤ መካንነት ማምጣቱን የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ቅድም እንዳልኩት ማህፀን የሚያበላሹትስ እኛ በይሉኝታ የምንደብቃቸው ጨብጥና ክላሚዲያ ናቸው። ክትባቱን ፈርተን በሽታውን ችላ ማለታችን እጅግ ይገርመኛል። ሁለተኛው ወሬ «ልጄን ማስከተብ ፈቃድ መስጠት ነው» የሚል ነው። የአባትን ጭንቀት እረዳለሁ። ግን የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት የወሰደ ልጅ ምስማር ፍለጋ በባዶ እግሩ ሲዞር አይታችሁ ታውቃላችሁ? በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶችም የተከተቡ ልጃገረዶች ካልተከተቡት ቀድመው ግንኙነት እንደማይጀምሩ አሳይተዋል። ለአሥር ዓመት ልጅ ሲሰጥ «ካንሰር ይከላከልልሻል» ማለት ይበቃል፤ እውነትም ነውና።

ክትባቱ ግን ከሌሎቹ በሽታዎች አያድንም። ከቂጥኝ፣ ከጨብጥ፣ ከኤችአይቪ ለመዳን ሌላ መንገድ ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ ነው «መታቀብ፣ መወሰን፣ መጠቀም» የሚሉት ሦስት ቃላት የሚመጡት። ሦስቱም ጥሩ ናቸው። ችግራቸው ውሳኔው በልጅቷ እጅ እንዳለ አድርገው መነሳታቸው ነው። በ2008 ዓ.ም የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ20 እስከ 24 ዓመት ካሉ ሴቶች 40 በመቶ የሚሆኑት ከ18 ዓመታቸው በፊት እንዳገቡ አሳይቷል። ከ15 ዓመት በፊት ያገቡትም ከመቶ 14 ናቸው። በ15 ዓመቷ የተዳረች ልጅ ምኑን ትታቀብ? መወሰንስ? እሷ ለባሏ ተወስናለች፤ ባሏ ከእሷ በፊትና ከእሷ ጎን የት እንደነበረ ግን የምትጠይቅበት አፍ የላትም። ኮንዶም እንጠቀም ብትል ደግሞ «ማንን ተማምነሽ ነው?» ትባላለች።

ብዙ ወላጅ ልጁን ቶሎ የሚድረው ከዚህ ሁሉ መዘዝ ሊጠብቃት ብሎ ነው። የሚያስከትለው ግን ተቃራኒውን ነው። ሙሽራው አብዛኛውን ጊዜ በብዙ ዓመት ይበልጣታል፤ ይዞት የሚመጣውም ያንኑ ያህል ነው። የቤተሰብ ሕጉ ከ1992 ዓ.ም ጀምሮ የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጎታል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 648 ያለ ዕድሜ ጋብቻን ይቀጣል። ይህ ድንጋጌ በጤና ዓይን ሲታይ የመከላከያ እርምጃ ነው። ወላጆች ያለ ዕድሜ ጋብቻን እምቢ ሲሉ ለልጃቸው ከማንኛውም ኪኒን የበለጠ ጥበቃ ይሰጧታል።

ከሠርግ በፊት ስለሚጠየቀው የምርመራ ወረቀትም አንድ ነገር ልበል። ብዙ ቦታ ሙሽሮች የኤችአይቪ ውጤት እንዲያመጡ ይደረጋል፤ መልካም ልማድ ነው። ሆኖም ያ ወረቀት ስለ ቂጥኝም ስለ ክላሚዲያም አንድም ነገር አይናገርም፤ በቅርብ ሳምንታት የተያዘ ሰው ኤችአይቪም ላይታይበት ይችላል። የቂጥኝ ምርመራን አብሮ መጠየቅ ምን ይከብደናል? ቂጥኝ በጊዜው ከተደረሰበት በፔኒሲሊን መርፌ ይድናል። በነፍሰ ጡር ላይ ካልታከመ ግን ፅንሱን ሊገድል ወይም ሕፃኑን አካል ጉዳተኛ ሊያደርግ ይችላል። የመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል ላይ ደሟ እንዲመረመር አጥብቃችሁ ጠይቁ።

አሁን ፊቴን ወደ ጤና ባለሙያ ባልደረቦቼ ላዙር፤ በመካከላችን አሉ። አንዲት የ17 ዓመት ተማሪ ፈሳሽ አስጨንቋት፣ ስንት ቀን አውጥታ አውርዳ ጤና ጣቢያ ትመጣለች። ካርድ ክፍል ያለው ሰው በከፍተኛ ድምፅ «ምንሽን ነው የሚያምሽ?» ይላል፤ ወረፋው ሁሉ ይሰማል። ከዚያ ነርሷ ቀና ብላ «የማን ልጅ ነሽ?» ትላለች። በዚያች ቅጽበት ልጅቷን አጥተናታል። ከዚህ በኋላ የምትሄደው ወደ ፋርማሲ ነው፤ ጓደኛዋ የነገረቻትን ኪኒን ትገዛለች፣ ሦስቱን ውጣ ሲሻላት የቀረውን ለሌላ ቀን ታስቀምጣለች። ጨብጥ ቀድሞ ይገድሉት የነበሩትን መድኃኒቶች ተራ በተራ የተላመዳቸው በእንዲህ ያለ አወሳሰድ ጭምር ነው። ለወጣቶች ምቹ የጤና አገልግሎት ብለን በር ላይ የለጠፍነው ጽሑፍ ከአንድ የተዘጋ ክፍልና ከአንድ ጨዋ አንደበት ጋር ካልሆነ ዋጋ የለውም። ሌላም አለ። ልጅቷን ብቻ አክሞ መላክ ሥራውን በግማሽ መተው ነው። አብሯት ያለው ሰው ካልታከመ በወሩ ተመልሳ ትመጣለች፤ ስድቡንም ያኔ የምትሰማው እሷው ናት።

የተደፈረች ልጅን ጉዳይ በአጭሩ ግን አጥብቄ ልናገር። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት ከ72 ሰዓት በኋላ ቢጀመር አይጠቅምም፤ ጊዜው ባጠረ ቁጥር ይሻላል። እርግዝናን የሚከላከለው ኪኒንም ቶሎ ሲወሰድ ነው የሚሠራው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጉዞ ወደ ሐኪም ቤት ነው፤ ከተቻለ ሳትታጠብ፣ የለበሰችውን ልብስ በወረቀት ከረጢት ይዛ። ቀጥሎ ፖሊስ። በአዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል እንዳለው ያሉ ማዕከላት ሕክምናውን፣ የሥነ ልቦና ድጋፉንና የፖሊስ ምርመራውን በአንድ ቦታ ይሰጣሉ። «ነገሩ በሽማግሌ ይጨረስ» የሚሉ ዘመዶች ይመጣሉ፤ ሽማግሌ ሲሰባሰብ 72 ሰዓቱ ያልቃል። ሽምግልናን አከብራለሁ፤ ለዚህ ግን አልተፈጠረም።

ወንዶች ልጆቻችንን ረሳኋቸው እንዳትሉኝ። ለሴቶቹ በምንሰጠው ምክር ልክ ለእነሱ አንሰጥም። ኮንዶም ስለመጠቀም፣ ስለመመርመር፣ አንዲት ልጅ እምቢ ስትል እምቢታዋ እምቢታ መሆኑን ከአባታቸው አፍ ቢሰሙ ከየትኛውም ፖስተር የበለጠ ይይዛቸዋል። አባቶች ሆይ፣ ይህ የእናንተ ድርሻ ነው፤ ለእናት አትጣሉት። እናቶች ደግሞ ልጃችሁ የወር አበባ ማየት ስትጀምር ፎጣና ሞዴስ ሰጥታችሁ ዝም አትበሉ። ጤነኛ ፈሳሽ ምን እንደሚመስል፣ የሚሸት ወይም የሚያሳክክ ከሆነ ሐኪም እንደሚያስፈልገው ያኔ ንገሯት። ይህን ከእናቷ የሰማች ልጅ ነገ ሲያማት መጀመሪያ የምትመጣው ወደ እናቷ ነው።

ብዙ ጊዜ ስለምጠየቅ ክትባቱ ስላለፋቸው ልጆች በመናገር ልፈጽም። ልጃችሁ 16 ወይም 17 ዓመት ከሆናትና በዘመቻው ካልተከተበች ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ማግኘት ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ግንኙነት ጀምራም ቢሆን ገና ካላገኛት ዝርያ ሊጠብቃት ስለሚችል ከንቱ አይደለም፤ ብቻ ጥቅሙ ያንሳል። ኤችአይቪ በደሟ ያለ ልጅ አንድ መርፌ አይበቃትም፤ ሁለት፣ ከተቻለ ሦስት ያስፈልጋታል፤ ይህን መድኃኒቷን ከምትወስድበት ክፍል ጋር ተነጋገሩ። የተከተቡትም ያልተከተቡትም 30 ዓመት ሲሞላቸው የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ ማድረግ አለባቸው፤ ኤችአይቪ ያለባቸው ደግሞ ከ25 ጀምሮ። ምርመራው በኮምጣጤ አሲድ ተቀብቶ በዓይን የሚታይ ነው፤ ደቂቃዎች ይፈጃል። ለውጥ ከታየ ብዙውን ጊዜ በዚያው ቀን ይታከማል። እዚህ ያላችሁ እናቶች ራሳችሁ ካልተመረመራችሁ ከልጆቻችሁ ጋር አብራችሁ ሂዱ።

አሁን ጥያቄ እቀበላለሁ። በየወንበሩ ላይ ብጣሽ ወረቀት ተቀምጦላችኋል። ስም አትጻፉ፣ ክፍልም አትጻፉ፤ አጥፋችሁ ወደ ፊት አሳልፉ። ተራ በተራ አነባለሁ።